የተገኘችዋስ ጀልባ?

የተከበራችሁ የጀልባ ባለቤቶች፣ የውኃ ላይ ጥበቃ ፖሊሶችና የምዝገባ ቢሮ ባልደረቦች፤

ጀልባ ሲሰረቅ ለፖሊስ ይነገራል ብሎ እናንተን መምከር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እዚህ ያቆመኝ ከተገኘች በኋላ ያለው ዝምታችን ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ አያሻማም። ምዝገባው በስሙ የሆነ ሰው ጀልባው ብትሰረቅ በ15 ቀን ውስጥ ለመዘገበው ቢሮ ያስታውቃል፤ ብትገኝም በ15 ቀን ውስጥ ያስታውቃል። ሁለቱ የተጻፉት በአንድ መስመር ላይ ነው። ግማሹን አንብበን ግማሹን ትተነዋል!

ለቢሮው ማስታወቅ ብቻውን አይበቃም። የስርቆቱን መረጃ ኤፍቢአይ ወደሚያስተዳድረው ብሔራዊ የወንጀል መረጃ ማዕከል ያስገባው ፖሊስ ነው፤ የሚሰርዘውም ያው ያስገባው መሥሪያ ቤት ነው። ጀልባዋ በሌላ ግዛት ትገኛለች፣ ባለቤቱ ጎትቶ ቤቱ ያስገባታል፣ መጀመሪያ ላመለከተበት ጣቢያ ግን የሚነግር የለም። በሚቀጥለው በጋ ልጆቹን ይዞ ሐይቅ ላይ ሲወጣ ፖሊስ ቁጥሯን ከማዕከሉ መዝገብ ያጣራል፤ «የተሰረቀች» የሚል መልስ ይመጣል። ፖሊሱ አላጠፋም። እርምጃ ከመውሰዱ በፊት መረጃውን ካስገባው ጣቢያ ማረጋገጥ አለበት፤ አስቸኳይ ከሆነ መልሱ በ10 ደቂቃ መድረስ ይኖርበታል። እስከዚያ ሰውየው በገዛ ጀልባው፣ በልጆቹ ፊት፣ በሌብነት ተጠርጥሮ ይቆማል። ይህን ያመጣው አንድ ያልተደወለ ስልክ ነው!

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አለ። ጀልባዋ ትገኝና ሞተሯ ተነቅሎ ይሆናል። ጀልባ፣ ሞተርና ተጎታች የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ሲሰረቁ ሦስቱም ተለይተው ይመዝገቡ፣ ሲገኙም የተገኘው ብቻ ይሰረዝ። «ተገኝቷል» ተብሎ ሁሉም አብሮ ሲሰረዝ ሌባው የያዘው ሞተር በመዝገብ ንጹሕ ይሆናል። የሚገዛው ሰው ቢያጣራ እንኳ ምንም አያገኝበትም። ሌባን ከዚህ በላይ ማገዝ ከየት ይመጣል?

ስለ ቁጥሩ ባጭሩ። የጀልባ አካል መለያ፣ እንደ መኪና ሻንሲ ቁጥር፣ ከኅዳር 1972 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩት ላይ ግዴታ ሲሆን 12 ፊደልና አኃዝ አለው፤ ከኋላ በስተቀኝ ላይኛው ጠርዝ አጠገብ ይገኛል። ከ4ኛው እስከ 8ኛው ባለው ተከታታይ ቁጥር ውስጥ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡም፤ ስለዚህ እዚያ ክብ ነገር ካያችሁ ዜሮ ነው። ፊደል አድርጎ የጻፈ ሰው ጀልባዋ ብትያዝ እንኳ ከመዝገቡ ጋር እንዳትገጥም አድርጓል። ከነሐሴ 1984 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩት ላይ ያው ቁጥር በተሰወረ ቦታ ይደገማል፤ ውጭኛው ተፍቆ ከተገኘ ፖሊስ የሚፈልገው ያንን ነው።

ጀልባችሁን ስትረከቡ መዝገቡ መሰረዙን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ። ወረቀቱ እስኪሰጣችሁ ውኃ ላይ አትውጡ፤ ሲሰጣችሁም ከምዝገባ ወረቀታችሁ ጋር ጀልባዋ ውስጥ አስቀምጡት።