ቪ-ኤይቱን ማን ገደለው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስለ አሜሪካ መስል ካሮች፣ ማለትም ትልቅ ሞተር ስላላቸው ፈጣን መኪኖች፣ ብዙ ሰው ደውሏል። ሦስቱን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

አድማጭ ከሜሪላንድ፦ ዶጅ ቻሌንጀርን ያቆመው ኤሌክትሪክ መኪና አሸንፎት ነው?

ገበያ ላይ ተሸንፎስ አይደለም። በ2022 እንኳ አሜሪካ ውስጥ ከፎርድ ሙስታንግ በላይ ተሸጧል። የጣለው ሂሳብ ነው። አንድ አምራች የሚሸጣቸው መኪኖች በአማካይ በጋሎን መሄድ ያለባቸው ማይል በሕግ ተወስኗል። ከዚያ ካነሰ ይቀጣ ነበር። የዶጅ ባለቤት ስቴላንቲስ ለ2018 እና ለ2019 ሞዴሎች ብቻ 235.5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። ሄሚ የሚባለው የዶጅ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር (ቪ-ኤይት) ደግሞ ቤንዚን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው።

የመጨረሻው ቻሌንጀር፣ 1,025 የፈረስ ጉልበት ያለው ዲመን 170፣ በታኅሣሥ 2023 ካናዳ ብራምፕተን ካለው ፋብሪካ ወጣ። የሼቭሮሌ ካማሮም በዚያው ሰሞን ተሰናበተ። ሙስታንግ ግን ባለ 5 ሊትር ቪ-ኤይቱን ይዞ ቀረ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ2025 ክረምት አዲስ ሕግ ወጣና ቅጣቱ ዜሮ ሆነ። በዚያው ሰሞን ሄሚም የዚሁ የስቴላንቲስ በሆነው ራም ፒክአፕ ላይ ተመልሶ መጣ። እንግዲህ ገዳዩ ማን እንደነበር ይፍረዱ።

አድማጭ ከአሌክሳንድሪያ፦ ዶጅ ቻርጀር የሚባለው የኤሌክትሪክ መኪና እንደ ድሮው ይጮኻል የሚሉት እውነት ነው?

ይጮኻል፤ ግን በድምፅ ማጉያ። ከኋላ የተገጠመለት መሣሪያ ሰው የሠራውን ድምፅ እንደ ማርሚታ ባለ ሳጥን ውስጥ አሳልፎ ያወጣዋል። እኔን አላሳመነኝም። የድሮው ሞተር ጭሱን በአንድ በኩል እኩል ጊዜ እየጠበቀ አይተፋም፤ አንዴ ይቸኩላል፣ አንዴ ይዘገያል። ያ «ዱብ፣ ዱብ-ዱብ» የሚመጣው ከዚያ ነው። ቆሞ እየሠራ ኮፈኑ ላይ እጅዎን ቢያሳርፉ ክንድዎ ድረስ ይሰማዎታል። ማጉያ ይህን ከየት ያመጣዋል?

በፍጥነት ግን አይታማም። 670 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞዴል ከዜሮ ወደ 60 ማይል በ3.3 ሰከንድ ይደርሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ የማሽከርከር ኃይሉን ገና ከመነሻው ይሰጣልና። ዋጋው ክብደት ነው፦ ባትሪው ተጨምሮ 2,600 ኪሎ ያልፋል። ጥምዝ ላይ ይታወቃል። ዶጅ ያንኑ ቻርጀር በባለ 6 ሲሊንደር ቤንዚን ሞተርም አወጣው። እስከ 550 የፈረስ ጉልበት አለው፤ መጥፎ አይደለም።

አድማጭ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ያገለገለ ቻሌንጀር ገዝቼ አዲስ አበባ ልላከው?

ወንድሜ፣ ይቅርብዎት። ኢትዮጵያ በ2024 የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ከልክላለች።

እዚሁ አሜሪካ ሊነዱት ከሆነ ግን ይግዙ። መጀመሪያ ኢንሹራንሱን ይጠይቁ፤ እነዚህ መኪኖች በጣም ስለሚሰረቁ ክፍያው ያስደነግጣል። ሄሚ ላይ የጭስ ማውጫው ቡሎን የመሰበር ልማድ አለበት። ጠዋት ሲነሳ «ቲክ ቲክ» ይላል፤ ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጥና ድምፁ ይጠፋል። ሞቆም ካልጠፋ ከቫልቭ ገፊው ሊሆን ይችላል፤ እሱ ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ራስዎ ያስነሱት። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ።