ጉብታው ለምን በቀኝ በኩል ይወጣል?

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ታዳጊ ልጆች ጀርባ ነው። ስኮሊዮሲስ የሚባለው አከርካሪ ወደ ጎን ሲጣመምና አብሮም ሲጠማዘዝ ነው። በራጅ ተለክቶ ጥመቱ 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስኮሊዮሲስ ይባላል። ከ100 ታዳጊዎች በ2 ወይም በ3ቱ ላይ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው የሚባል አንድ መንስኤ አይገኝለትም።

አንድ ነገር ግን ይደጋገማል። ጥመቱ በደረት አካባቢ ሲሆን፣ የተጠማዘዘው አከርካሪ የጎድን አጥንቶቹን ገፍቶ ጀርባ ላይ ጉብታ ያወጣል፤ የአብዛኞቹ ልጆች ጉብታ የሚወጣው በቀኝ በኩል ነው። እንዲያው በአጋጣሚ ቢሆን ኖሮ ግማሾቹ ወደ ግራ በሆኑ ነበር።

ከውጭ ሲያዩን ግራና ቀኛችን እኩል ነው። ውስጣችን ግን እንደዚያ አይደለም። ልብ ወደ ግራ ያደላል፤ ጉበት በቀኝ ነው። ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ፣ በደረት ውስጥ የአከርካሪውን ግራ ጎን ተጠግቶ ይወርዳል። በኔዘርላንድስ፣ ዩትሬክት የሚሠሩ ተመራማሪዎች የጀርባ ችግር የሌለባቸውን ሰዎች ሲመረምሩ፣ ጤነኛው አከርካሪም ደረት ላይ በትንሹ ወደ ቀኝ ዞሮ አገኙት። ቀጥለው የውስጥ አካላታቸው ግራና ቀኙ የተገለበጠ ሰዎችን ኤም አር አይ በሚባለው የውስጥ አካል ምስል ማንሻ መሣሪያ አዩ። ልባቸው በቀኝ፣ ጉበታቸው በግራ ነው። የእነሱ አከርካሪ የዞረው ወደ ግራ ነበር! ውጤቱ የታተመው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ዛሬም ሳስበው ይደንቀኛል።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ እንበል። የአካላት አቀማመጥ ጥመቱ ወዴት እንደሚያደላ ይጠቁማል እንጂ ጥመቱን አያመጣም። የሁላችንም ልብ ማለት ይቻላል በግራ ነው፤ አብዛኞቻችን ግን ጀርባችን ደህና ነው። ዘር ድርሻ አለው። በጉርምስና ወቅት የሚመጣው ፈጣን እድገትም እንዲሁ።

አቅጣጫው ለሐኪም ጠቃሚ ፍንጭ ነው። የደረቱ ጉብታ በግራ ከሆነ ያልተለመደ ስለሆነ፣ ኅብለ ሰረሰሩን፣ ማለትም በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈውን የነርቭ ገመድ፣ በኤም አር አይ ማየት ሊያስፈልግ ይችላል።

ለእናንተ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። «ቦርሳ ስለምትሸከም ነው፣ አጎንብሰህ ስለምትቀመጥ ነው» እያላችሁ ልጁን አትውቀሱት። ቦርሳ የሚንጠለጠልበት ትከሻ ከልጅ ልጅ ይለያያል፤ ጉብታው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በቀኝ ነው። ልጁ በራሱ ላይ ያመጣው ነገር አይደለም።

ከወቀሳ ይልቅ ጀርባውን እዩለት። እግሩን ገጥሞ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ ወደ ፊት ይጎንበስ። ከኋላው ቁሙና ተመልከቱ። አንዱ የጎድን አጥንት ጎን ከሌላው ከፍ ካለ የአጥንት ሐኪም ይየው። ሴቶች ልጆች ላይ ጥመቱ የመባባስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ እነሱን ቶሎ ቶሎ እዩ። በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣ ትልቅ ጥናት፣ ብሬስ የሚባለውን ከውጭ ገላ ላይ የሚታሰር ደጋፊ ካደረጉት ልጆች 72 በመቶው ጥመታቸው ለቀዶ ሕክምና የሚያበቃ ደረጃ ላይ አልደረሰም። ካላደረጉት ግን 48 በመቶው ብቻ ናቸው። ብሬስ የሚረዳው ደግሞ አጥንት ገና እያደገ ሳለ ነው።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።