ምንጣፉን ማን ያነሳል? ከውጭ አገር የቆየ የቅንጦት መኪና ስለመግዛት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። በዛሬው ክፍል የማወራችሁ ብዙ ገንዘብ፣ ከገንዘቡም የሚበልጥ ትዕግሥት ስላስከፈለኝ ጉዳይ ነው፤ ዕድሜው ሠላሳና አርባ ዓመት ያለፈ የቅንጦት መኪና በሌላ አገር መርጦ ስለመግዛትና በመርከብ አስጭኖ ስለማስመጣት። ከእናንተ መካከል እንዲህ ላለ ግዢ የተቃረባችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ፣ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ብታዳምጡኝ ደስ ይለኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ግዢዬ ልጀምር። መርሴዲስ 450 ኤስ ኤል ነበረች፤ አር 107 ተብለው ከሚታወቁት፣ ከ1971 እስከ 1989 ከተመረቱት 237,287 መኪኖች አንዷ። ሻጩ ከስልሳ በላይ ፎቶዎች ልኮልኝ ነበር፤ እኔም ሌሊት ሌሊት አንድ በአንድ እያሰፋሁ ስመለከታቸው ሰነበትኩ። ቀለሟ ያብረቀርቃል፣ የወንበሮቿ ቆዳ አልተሰነጠቀም፣ ምንጣፏም የታጠበ ንጹሕ ነው። ከወራት በኋላ መኪናዋ ስትደርስ በሩን ከፍቼ ገና ሳልቀመጥ አፍንጫዬን የመታኝ ሽታ ነበር፤ ውኃ ውስጥ ቆይቶ ያልደረቀ ጨርቅ ሽታ። ጎንበስ ብዬ በተሳፋሪው እግር በኩል ያለውን ምንጣፍ አነሳሁት። ከሥሩ ያለው የድምፅ መከላከያ ውኃ ጠጥቶ አብጧል፤ በሁለት ጣቴ ስጫነው ቡናማ የዝገት ውኃ እየወጣ መዳፌ ላይ ወረደ።

ይህን መኪና ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ነገሩን ለመረዳት ሽታው ብቻ ይበቃቸው ነበር። በአር 107 ከፊት መስታወቱ ሥር ውኃ የሚወርድበት ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ የውኃ መውጫው በቅጠልና በአቧራ ሲደፈን የተጠራቀመው ውኃ ላሜራውን ይበላና በማሞቂያው ሳጥን ዙሪያ ወደ ውስጥ ይገባል። ከውጭ ምንም ምልክት የለውም። ለመጠገን ግን ዳሽቦርዱን ነቅሎ ማውጣት የግድ ነው፤ የጥገናው ሒሳብ ከመኪናው ዋጋ ጋር የሚፎካከርበት ጊዜም አለ። ሻጩ ዋሽቶኛል ለማለት አልደፍርም፤ ስለ ምንጣፉ ሥር አልጠየቅሁትም፣ እርሱም አልነገረኝም። ከስልሳው ፎቶ አንዱም የምንጣፉን ሥር አያሳይም ነበር፤ እኔም የጎደለውን ሳልቆጥር ያለውን ሳደንቅ ከረምኩ።

ከዚያ ወዲህ አቋሜ አንድ ነው። ከሩቅ አገር መኪና ስትገዙ የመጀመሪያውን ገንዘብ ማውጣት ያለባችሁ ለመኪናው ሳይሆን በእናንተ ምትክ ምንጣፉን ለሚያነሳው ሰው ነው። የሚቀጥለው ንግግሬ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚሁ ይመለሳል።

ሰውየውን ከመፈለጋችሁ በፊት ግን መኪናው ወደምትኖሩበት አገር በሕግ መግባት መቻሉን አረጋግጡ፤ ልብ አንዴ ከተሰጠ ሕግን በቀና ዓይን ማንበብ ይከብዳልና። አሜሪካ ለገበያዋ ያልተሠራን መኪና ከአገሪቱ የደኅንነት መስፈርት ነፃ አድርጋ የምትቀበለው 25 ዓመት ሲሞላው ነው፤ በካናዳ የዕድሜው ወሰን 15 ዓመት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ቢያንስ 30 ዓመት የሞላቸውንና እንደተሠሩ የቆዩትን መኪኖች እንደ ቅርስ ሊመለከታቸው ይችላል፤ በዚህ መደብ የገባ መኪና ቀረጥ አይከፈልበትም። በተቃራኒው ኬንያን የመሳሰሉ አገሮች ከስምንት ዓመት በላይ የሆነውን መኪና ወደ አገር አያስገቡም። አውስትራሊያ ደግሞ ከ2003 ማብቂያ ጀምሮ አስቤስቶስ ያለበትን ማንኛውንም ዕቃ ማስገባት ስለከለከለች፣ በፍሬን ሸራውና በጓርኒሲዮኑ ውስጥ ይህ ነገር የተገኘበት አሮጌ መኪና ወደብ ላይ ይያዛል። ስለዚህ የአገራችሁን ጉምሩክ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። በብዙ አገሮች ቀረጡ የሚሰላው በመግዣው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን የማጓጓዣውና የመድኑ ወጪ ተደምሮበት መሆኑንም ከወዲሁ ሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡት።

መኪናው ከየት ይምጣ ለሚለው ጥያቄ፣ እኔ በመጀመሪያ የምጠይቀው ክረምቱን በምን ዓይነት መንገድ ላይ እንዳሳለፈ ነው። በጀርመን፣ በእንግሊዝና በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ላሜራን ከሥር ይበላል። ከአሪዞና ወይም ከደረቁ የካሊፎርኒያ አካባቢዎች የሚመጣ መኪና ሥሩ ደረቅ ይሆናል፤ ዳሽቦርዱ ግን በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ የበሩና የመስኮቱ ጎማዎች ይደርቃሉ፣ ቆዳውም እንደ ካርቶን ይሆናል። ሁለቱን ካወዳደርኩ ፀሐይ ያበላሸውን እመርጣለሁ፤ ታፔሴሪያ ይቀየራል፣ የተበላ ላሜራ ግን ተቆርጦ ካልተበየደ መፍትሔ የለውም። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአገሪቱ ደንብ ምክንያት ትልልቅ ፓራውልት እንዳላቸውና የሞተራቸው ጉልበት ከአውሮፓዎቹ ብዙ ጊዜ ዝቅ እንደሚል ደግሞ አትርሱ። ጃፓን መሪው በቀኝ የሆነ አገር ብትሆንም፣ በ1980ዎቹ የነበሩት ባለጸጎቿ የጀርመን መኪናን መሪው በግራ እንደሆነ መያዝን ይወዱ ስለነበር ዛሬም ከዚያ ደኅና የተያዙ መኪኖች ይወጣሉ።

አሁን ወደ መርማሪው ልመለስ። መርማሪው እናንተ የመረጣችሁትና የከፈላችሁት፣ ያንን ሞዴል ለይቶ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት፤ ሻጩ «የማምነው መካኒክ አለኝ» ቢል አመስግናችሁ እለፉት። ጥሩ መርማሪ ለማግኘት አስተማማኙ መንገድ የዚያው መኪና ባለቤቶች ማኅበር ነው፤ የየሞዴሉን ደካማ ጎን በቃላቸው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። መኪናው ሊፍት ላይ ይውጣ፤ ክሪክ የሚገባባቸው ቦታዎች በመዶሻ እጀታ ይንኳኩ። የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዞ እንዲሄድም ንገሩት፤ የፋብሪካ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ግድም ሲሆን፣ ከ300 በላይ ካነበበ በላዩ ተቀብቷል፣ አንድ ሺሕ ካለፈ ደግሞ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ ማለት ነው። እንደገና መቀባቱ በራሱ ነውር አይደለም፤ ባለቤቱ ለምን እንደተቀባ መናገር አለመቻሉ ግን ያሳስበኛል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሞተሩ ሲነሳ በቪዲዮ እንዲቀርጽላችሁ ጠይቁ፤ የምለው ሌሊቱን ያደረ፣ የቀዘቀዘ ሞተር ነው። መርማሪው ቁልፉ ከመዞሩ በፊት መዳፉን ኮፈኑ ላይ አድርጎ እያሳየ ይቅረጽ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከሆነ በዚያ ይታወቃል። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይሸሽጋል። የቀዘቀዘው ሲነሳ ከማርሚታው የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን፣ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ደግሞ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ሊነግራችሁ ይችላል። ካቴናውንም፣ የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከሞተሩ ጋር የሚያስተሳስረውን ሰንሰለት፣ አዳምጡ። ከ1981 እስከ 1983 ለአሜሪካ የተሠሩት የ380 ኤስ ኤል ሞተሮች የተገጠመላቸው ባለአንድ ረድፍ ካቴና ነበር፤ ሲላላና ሲበጠስ ቫልቮቹን ያጣምማል፤ ከ1984 ጀምሮ ፋብሪካው ወደ ሁለት ረድፍ ተመልሷል። ብዙ ባለቤቶች ቀይረውታል፤ ስለዚህ በዚያ ዘመን መኪና ላይ ካቴናው የተቀየረበትን ደረሰኝ ሳላይ ስለ ዋጋ አልነጋገርም።

ስለ ኪሎ ሜትር የምለው ብዙዎችን ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ትንሽ የተነዳ መኪና ሁሉ የተጠበቀ መኪና አይደለም። ለዓመታት የቆመ መኪና ውስጥ ቤንዚኑ ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ የቦሽ ኬ-ጄትሮኒክ የነዳጅ አከፋፋይ የተገጠመለት ከሆነ በውስጡ ያለችው ቀጭን ፒስተን ትያዛለች፣ የነዳጅ ታንከሩ ከውስጥ ይዝጋል፣ የፍሬን ዘይትም ከአየር እርጥበት ይስባል። ጎማው ላይ ብዙ ጊዜ የማይዋሽ ቁጥር አለ፦ ከ2000 ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ጎን አራት አኃዝ ታገኛላችሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግራሉ። «በየሳምንቱ እነዳዋለሁ» የሚለው ሻጭ 1407 የሚል ጎማ ካለው፣ ያ ጎማ በ2007 በዐሥራ አራተኛው ሳምንት የተሠራ ስለሆነ የቀረውን አነጋገሩንም በዚያው መዝኑት።

ሮልስ ሮይስን ለምትመኙ ደግሞ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከ1965 እስከ 1980 የተሠራው ሲልቨር ሻዶው በሲትሮየን ፈቃድ የተወሰደ በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ የሃይድሮሊክ አሠራር አለው፤ ለፍሬኑም ሆነ ከኋላ የመኪናውን ከፍታ ለሚያስተካክለው ክፍል የሚጨመረው ዘይት አር አር 363 ይባላል። በ1980 የተተካው ሲልቨር ስፒሪት ደግሞ የሚጠቀመው ማዕድናዊ ዘይት ነው። በቅን ልቦና የሚሠራ፣ ነገር ግን መኪናውን የማያውቅ መካኒክ የአንዱን ለሌላው ቢሞላበት የጎማ ማኅተሞቹ ያብጣሉ ወይም ይሟሟሉ፤ ከዚያ በኋላ አጠቃላይ አሠራሩን አውርዶ ከማደስ ሌላ መንገድ የለም። መርማሪያችሁ የሻጩን መካኒክ «ምን ዘይት ነው የምትጨምርበት?» ብሎ ይጠይቅልኝ። መልሱ ከመዘግየቱ መኪናው በማን እጅ እንዳለፈ ትረዳላችሁ።

ወረቀቱም የሚነበበው በዚሁ ዓይን ነው። 17 አኃዝ ያለው የሻንሲ ቁጥር የተለመደው ከ1981 ወዲህ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ አጻጻፍ ነበረው። በአሮጌ መርሴዲስ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች ሞዴሉን ይናገራሉ፤ 107.044 ማለት 450 ኤስ ኤል፣ 107.042 ማለት 280 ኤስ ኤል፣ 107.046 ማለት 500 ኤስ ኤል ነው። ከዚያ የሚከተለው 1 ከሆነ መሪው በግራ፣ 2 ከሆነ በቀኝ ሆኖ ከፋብሪካ ወጥቷል። ከኋላው የተለጠፈው የሞዴል ስም በጥቂት ብር ይገዛል፤ ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ከሚለው የተለየ ታሪክ ይነግራችኋል። የሞተሩና የቀለሙ ቁጥር ከፋብሪካው የመረጃ ካርድ ጋር ይመሳከር። ለሮልስ ሮይስና ለቤንትሌይ የሻንሲ ካርዶች በእንግሊዝ አገር በሃንት ሃውስ፣ በባለቤቶቹ ማኅበር እጅ ይገኛሉ። መኪናው ከእንግሊዝ ከሆነ ከ2005 ወዲህ ያለው የዓመታዊ ምርመራ ታሪኩ ከነኪሎ ሜትሩ በነፃ ስለሚታይ በየዓመቱ እየወደቀ ያለፈበትን ምክንያት ታነባላችሁ፤ ከ40 ዓመት በላይ የሆኑት ከ2018 ጀምሮ ከምርመራው ነፃ ስለሆኑ ግን የቅርቡ ዓመታት ባዶ ቢሆኑ አትደንግጡ። ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የባለቤትነት ወረቀቱ መኪናው በአደጋ ወይም በጎርፍ ከጥቅም ውጭ ተብሎ እንደነበር የሚያመለክት ምልክት እንደሌለበት ተመልከቱ፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ስምና ገንዘብ የምትልኩለት ሰው ስም አንድ ይሁን።

ስለ ጉዞው አጭር እሆናለሁ። ለእንዲህ ያለ መኪና ተነድቶ ከሚገባበት መርከብ ይልቅ ኮንቴይነር እመርጣለሁ፤ በጎማዎቹ ላይ ይታሰር እንጂ ከሥሩ አይጠፈር። መድኑ ለጠቅላላ ጥፋት ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ጉዳት የሚከፍለው ይሁን። በየካቲት 2022 ፌሊሲቲ ኤስ የተባለችው መርከብ በአዞረስ ደሴቶች አቅራቢያ በእሳት ተያይዛ፣ በመጋቢት መጀመሪያ አራት ሺሕ ገደማ መኪኖች እንደያዘች ሰጥማለች። በ2021 የስዊዝ ቦይን የዘጋችው ኤቨር ጊቭን ደግሞ ከወጣች በኋላ፣ የመርከቧ ባለቤት ያደረገው በመርከብ ሕግ ጥንታዊ የሆነውን የጋራ ኪሣራ ማወጅ ነበር፤ ይህም ማለት ዕቃው ምንም ያልሆነበት ሰው እንኳ ለመርከቧ ማዳኛ ከወጣው ወጪ ድርሻውን ሳይከፍል ወይም ዋስትና ሳያቀርብ ንብረቱን አይረከብም። መድን የገባ ሰው ይህን የሚያስከፍለው መድኑን ነው።

ሁለተኛውን መኪናዬን፣ የ1983 500 ኤስ ኢ ኤል መርሴዲስ፣ የገዛሁት ሦስት ሌሎች መኪኖች በመርማሪው ቃል ከተጣሉ በኋላ ነው። ለሦስቱ ምርመራዎች የከፈልኩት ገንዘብ እንደጠፋ የሚቆጥሩት ወዳጆች ነበሩኝ፤ እኔ ግን ሦስት እርጥብ ምንጣፎች ሳይደርሱብኝ እንደቀሩ ነው የምቆጥረው። ለአራተኛው መርማሪው የላከልኝ ቪዲዮ የተቀረጸው ገና ሳይነጋ ነበር፤ ትንፋሹ ይታያል፣ እጁ ኮፈኑ ላይ ነው፣ ከጀርባ አዛውንቱ ባለቤት ጋቢያቸውን የመሰለ ወፍራም ሹራብ ደርበው በአቃፊ የያዙትን የሃያ ሰባት ዓመት ደረሰኝ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል። ሞተሩ ተነሳ፤ ካቴናው ለአንድ ሰከንድ ያህል ተሰማና ዝም አለ።

መኪናው ደርሶ ኮንቴይነሩ የተከፈተ ዕለት ቀለሙን አላየሁም፣ ወንበሩም ላይ አልተቀመጥኩም። የተሳፋሪውን በር ከፍቼ ተንበረከክሁ፣ ምንጣፉን አንስቼም እጄን እስከ ክንዴ ድረስ ከሥሩ አስገባሁ። ደረቅ ነበር።