ልጅን ትራውት ማጥመድ ማስተማር፦ በሬሳ ወንዝ ላይ ተምሮ ባሌ መሄድ

[ምስል፦ ደብረ ብርሃን፣ የበሬሳ ወንዝ ዳር። አባትና ልጅ ቁጢጥ ብለው ውሃውን ያያሉ።]

ዘንጉ ለጊዜው ቤት ይቆይ። ልጁ መጀመሪያ ውሃ ማየት ይልመድ።

ብዙ አባት መንጠቆ ገዝቶ በቀጥታ ልጁን ወንዝ ዳር ያቆመዋል። ክሩ ቁጥቋጦ ላይ ይጠመጠማል፣ አባት ይናደዳል፣ ልጅ ያኮርፋል። በቃ፣ ዓሣ ማጥመድ የሚባለው ነገር እዚያው ላይ ተጠላ።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ትራውት የቀዝቃዛና የንጹሕ ወራጅ ውሃ ዓሣ ነው። ውሃው ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይጨንቀዋል። አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከኬንያ ነው። የተለቀቀው ባሌ ተራሮች ውስጥ፣ እንደ ወይብና ዳንካ ባሉ ወንዞች ነው። የኛ ሰፈር ዓሣ ሌላ ነው። ወደ ጀማ ወንዝ ቆላ ስትወርዱ የምታገኙት ነጭ ዓሣና አምባዛ ነው። ልምምዱን ግን ባሌ ድረስ ሳትሄዱ እዚሁ መጨረስ ትችላላችሁ።

[ምስል፦ ልጁ አንድ እፍኝ ጭድ ወደ ውሃው ይበትናል።]

ጭድ ስጡትና ይበትን። አብዛኛው ጥርግ ብሎ ይሄዳል። የተወሰነው ግን ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ሲደርስ ቀስ ይላል፣ ይሽከረከራል፣ ጥቂት ይቆያል። «የቱ ጋ ቆመ?» ብላችሁ ጠይቁት። ጣቱን የሚቀስርበት ቦታ ትራውት የሚመርጠው ቦታ ነው። ፈጣኑ ውሃ ምግብ ያመጣል፣ ዝግ ያለው ዳር ደግሞ ያሳርፋል። ዓሣው ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ፊቱን ወደ ላይኛው ወራጅ አዙሮ ይቆማል። ምግቡን እየጠበቀ ነው።

ቀጥሎ ድንጋይ ይገልብጥ። ልጆች ይሄን ሲያደርጉ ምሳ እንኳ አያስታውሱም። በእርጥቡ ሆድ ላይ የተለጠፉ ጠፍጣፋ ነፍሳት ያያል። ዕድለኛ ከሆነ ደግሞ የአሸዋ ቅንጣት አጣብቆ ቱቦ የመሰለ ቤት የሠራች ትል ያገኛል። በጥንቃቄ ሲይዛት ጭንቅላቷን ብቅ ታደርጋለች። ትራውት የሚበላው እንዲህ ያለውን ነው። ለማጥመጃ በላባና በክር የሚሠራው ሰው ሠራሽ ዝንብም የተቀዳው ከነዚህ ነፍሳት ነው። ሲጨርስ ድንጋዩን እንደነበረ ይመልሰው።

[ምስል፦ ሜዳ ላይ ሰፌድ ተዘርግቷል።]

አሁን ዘንጉ ይምጣ። ቀላል የሸንበቆ ዘንግም ለመጀመሪያ ይበቃል። መንጠቆው ግን አይታሰርም! ክሩ ጫፍ ላይ ቁራጭ ጨርቅ እሰሩና ሰፌዱ ላይ እንዲያሳርፍ አድርጉት። ከመወርወሩ በፊት ወደ ኋላው ዞሮ ማየትን ከዚሁ ይልመድ፤ በኋላ መንጠቆ ሲኖር የሰው ዓይን የሚያድነው ይህ ነው። ኮፍያና መነጽርም አይርሱ።

ቋጠሮ በጫማ ክርና በቁልፍ ቀለበት ይማር። ክሩን በቀለበቱ አሳልፎ፣ ጫፉን በረጅሙ ክር ላይ አምስት ጊዜ ይጠምጥም። ከዚያ ቀለበቱ ሥር በቀረችው ትንሽ ቀዳዳ ያስገባዋል። ከማጥበቁ በፊት በምራቁ ያርጥበው፤ በደረቁ የተሳበ የዓሣ ክር ይፋተግና ይደክማል።

[ምስል፦ ወንዝ ዳር፣ ጎንበስ ብሎ የሚራመድ ልጅ።]

ወንዙ ላይ ከታች ወደ ላይ ሂዱ። ዓሣው ፊቱ ወደ ላይ ስለሆነ ከኋላው የሚመጣውን አያይም። ጎንበስ ማለት፣ ጥላን ውሃው ላይ አለመጣል፣ እግርን ቀስ አድርጎ ማሳረፍ። ማጥመጃው ከዓሣው ቦታ ከፍ ብሎ ይወርወርና ከውሃው ጋር እኩል ይውረድ። ክሩ ከጎተተው ዓሣው ይነቃል፤ የቅድሙን ጭድ ማንም አልጎተተውም።

ልጁ ሲሰለቸው ተዉት። ድንጋይ ይወርውር፣ ቆሎ ይብላ። «ዝም ብለህ ቁም» እያሉ ዓሣ ማጥመድ የሚያስተምሩ ሰዎች አይገቡኝም።

ክረምት ላይ ግን ቅሩ። ውሃው ደፍርሶ ምንም አይታይም፤ ከዚያም በላይ ደራሽ አለ። እናንተ ቆላ ላይ ፀሐይ እየሞቃችሁ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ሸለቆውን ሞልቶ ይመጣል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰና ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ ዕቃ ልሰብስብ ሳትሉ ውጡ። ደህናው ጊዜ ከጥቅምት ወዲህ ነው፣ ውሃው ሲጠራ።

ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ የሚነሰንስ ሰው ካያችሁ ልጁ እንዳይቀዳው። ትልቁም ጫጩቱም አብሮ ይንሳፈፋል።

[ምስል፦ እጅን ውሃ ውስጥ መንከር።]

የመንጠቆውን የኋላ ጥርስ በፒንሳ ተጫኑት፤ መንጠቆው ከዓሣውም ከልጁ ጣትም በቀላሉ ይወጣል። ዓሣ ከመያዙ በፊት እጁን ያርጥብ። ደረቅ እጅ የዓሣውን ቆዳ የሚሸፍነውን ልጋግ ይገፈዋል፣ ከተለቀቀ በኋላም ለበሽታ ይዳረጋል። ትንሹ ይመለስ። ለመጥበሻ የሚሆነው ደግሞ ሲንፈራገጥ አይቆይ፤ አናቱን አንዴ መምታት ይሻላል። ይህን አባት ያድርገው።

ባሌ ስትሄዱ ዲንሾ ላይ የብሔራዊ ፓርኩን ቢሮ ስለ ፈቃድ ጠይቁ። ማለዳው በጣም ይበርዳል። ለልጁ አትስጉ፤ ደብረ ብርሃን አይደል ያደገው?