በጥር ብርድ የሚያልባት እናት፦ ኢስትሮጅን ሲቀንስ ምን ይሆናል?

(ምስል፦ የፋሲለደስ መዋኛ፣ የከተራ ሌሊት። ሕዝቡ ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል።)

የከተራን ሌሊት ጎንደር ያደረ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ ሌሊት አክስቴ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ድንገት ጋቢዋን ከትከሻዋ ጣለችና በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ታራግብ ጀመር። ከከንፈሯ በላይ ላቡ እንደ ጤዛ ችፍ ብሏል፤ አንገቷ ቀልቷል። «ምች ሳይሆን አይቀርም» አለችኝ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አንቀጠቀጣትና ጋቢውን መልሳ ተከናነበች።

ዳማከሴ ታሸላት። ወባ ይሆናል ተብሎ ደሟ ታየ፤ የለባትም። ታይፎይድ ነው ተብሎ ኪኒን ዋጠች፤ ላቡ ግን ሌሊት ሌሊት አንሶላዋን ማራሱን አልተወም። ያኔ 51 ዓመቷ ነበር፤ የወር አበባዋ ከቀረ መንፈቅ አልፎታል። ሁለቱን ነገር ያገናኘው ሰው ግን አልነበረም።

(ምስል፦ የማህፀንና እንቁላል የሚያመነጩት የሁለቱ እንቁልጢዎች ሥዕል።)

አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ ሳይታይ 12 ወር ሲሞላ ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚሆነው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ማረጥ በሽታ አይደለም። ሆኖም እንቁልጢዎቹ ኢስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን እንደ ድሮው ማመንጨት ያቆማሉ፤ ይህ ሆርሞን ደግሞ ሥራው መውለድ ላይ ብቻ አልነበረም። አንጎል፣ አጥንት፣ የደም ሥር፣ የሽንት ፊኛ፣ ቆዳ ሁሉ ይጠቀሙበት ነበር።

ሙቀቱን እንየው። አንጎላችን ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባል የሰውነትን ሙቀት የሚጠብቅ ክፍል አለ። ኢስትሮጅን ሲቀንስ፣ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ሌባ መጣ ብሎ እንደሚጮህ ዘበኛ ይሆናል። ሰውነት ትንሽ ሲሞቅ «ተቃጠልን» ይላል፤ የቆዳ ደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ ላብ ይወርዳል። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ብርድ ብርድ ይላል። የአክስቴ ምች ይኸው ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሌሊት ላብ ሁሉ ከማረጥ አይመጣም። ትኩሳት፣ የሰነበተ ሳል ወይም ክብደት መቀነስ ካለበት የሳንባ ነቀርሳም ወባም ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል።

(ምስል፦ የፋሲል ግንብ ግድግዳ፣ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ኖራ በቅርበት።)

አጥንቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ዝም ብሎ የሚጎዳው እሱ ነው። ይህ ግንብ ድንጋዩ በኖራ ተያይዞ የቆመ ነው። ኖራ የሚሠራው ከካልሲየም ነው፤ የአጥንታችንም ጥንካሬ ከካልሲየም ነው። ዝናብ ኖራውን ሲያጥበው ግድግዳው ወዲያው አይወድቅም፤ ከውጭ ለሚያየው ደህና ይመስላል። አጥንትም እንዲሁ ነው። አሮጌውን አጥንት የሚያፈርሱ ሴሎች አሉ፣ አዲሱን የሚገነቡ አሉ። ኢስትሮጅን አፍራሾቹን ይገታ ነበር። እሱ ሲሄድ መፍረሱ ከመገንባቱ ይበልጣል፤ ካረጡ በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት አንዲት ሴት እስከ 20 በመቶ የአጥንቷን ጥግግት ልታጣ ትችላለች። ስለዚህ ቆማ በወደቀችው ልክ የእጅ አንጓዋ የተሰበረን እናት፣ ወይም ቁመቷ እያጠረ ጀርባዋ የጎበጠን፣ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፏት።

ጤፍ፣ ጎመንና ሰሊጥ ካልሲየም አላቸው፤ በፍስክ ቀን ወተትና እርጎ ይጨመርበት። ክንድና እግርን ፀሐይ ማስነካት ለቫይታሚን ዲ ነው። ከጎንደር ፒያሳ ወደ ቁስቋም የሚያስወጣው አቀበትም በእግር ሲወጡት አጥንትን ያበረታል። ተልባ ኢስትሮጅን የሚመስል ነገር አለው፤ ይጠጣ፣ ግን መድኃኒት አይተካም።

(ምስል፦ የመድኃኒት ክኒኖችና ቅባት።)

መድኃኒቱ ራሱ ኢስትሮጅን ነው። ብዙ ሰው የፈራው እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ከ16,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት በመቋረጡ ነው። ኢስትሮጅንን ከፕሮጄስቲን (ፕሮጄስትሮን ከሚባለው ሆርሞን ሰው ሠራሽ ዓይነት) ጋር በወሰዱት ላይ፣ በዓመት ከ10,000 ሴቶች 8 ያህል ተጨማሪ የጡት ካንሰር ታየ፤ የደም መርጋትና ስትሮክም ጨመረ። ይህ ችላ የሚባል አይደለም። ነገር ግን የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር። ዕድሜዋ ከ60 በታች ለሆነ ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ሙቀቱ እንቅልፍ ለነሳትና ሌላ ችግር ለሌለባት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ጥቅሙ ያመዝናል። ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅንን ብቻውን አትወስድም፤ የማህፀንን ግድግዳ ስለሚያወፍር ለካንሰር ያጋልጣል፣ ፕሮጄስትሮን አብሮ ይሰጣል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት ወይም ስትሮክ የነበረባት አትወስደውም። ከጎረቤት ተውሶ መዋጥማ ፈጽሞ አይሆንም።

ሌላው በሹክሹክታ እንኳ የማይነገረው ነገር የብልት መድረቅ ነው። ግንኙነት ያማል፣ ሽንት ያቃጥላል፤ እናቶች አንቲባዮቲክ እየደጋገሙ ይወስዳሉ። ለዚህ እዚያው የሚቀባ አነስተኛ ኢስትሮጅን አለ፤ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ሐኪሙን ጠይቁት፤ ነውር የለበትም።

(ምስል፦ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም፣ የማለዳ ቅዳሴ ድምፅ።)

አሁን ወደ አክስቴ ልመለስ። ደሟ ከቆመ በኋላ እንደ ብዙ የአገራችን እናቶች ቆረበች፤ ስትመኘው የኖረችው ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግን ቅዳሴ ቀረች። እግሬን አሞኛል አለችን። ለካ ደም አይታ ነበር። ጠብታ ነው፣ ብላ ለማንም ሳትነግር ሁለት ወር ቆየች፤ ያፈረችውም የፈራችውም ቁርባኑን ነው።

ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ ያስመረምራል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የማህፀን ግድግዳ መሳሳት ነው፤ ከ10 ሴቶች በአንዷ ገደማ ግን የማህፀን ካንሰር ይገኛል፤ ቶሎ ከተገኘ ደግሞ ይታከማል።

ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቃት «እናቴ፣ የመጨረሻው የወር አበባዎ መቼ ነበር?» ብሎ ነው። አክስቴ ቀን አልጻፈችም። «የቁስቋም ማግስት» አለችው፤ እሱም ከኅዳር 7 ጀምሮ በጣቱ ቆጠረ። አልትራሳውንድ ታየች፣ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ የሳሳ ግድግዳ ነበር፤ ካንሰር አልተገኘም። ከሐኪም ቤቱ በር ስትወጣ እጄን ጨብጣ ያለችኝ «ሁለት ወር ሙሉ ብቻዬን ቀበርኩት» ነው።