የታሮት ካርታ ስትገዙ ትንንሾቹን ካርታዎች እዩ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ሙሉ የታሮት ካርታ]

ታሮት ዕጣ ፈንታን ለማንበብ የሚዘረጋ ባለ ሥዕል ካርታ ነው። ሻጮች ለማስታወቂያ የሚያወጧቸው ካርታዎች ይታወቃሉ፦ ጨረቃ፣ ፀሐይ፣ ሞት፣ ፍቅረኞች። ያምራሉ። ነገር ግን ሁሉም «ትልቁ አርካና» ከሚባሉት 22 ካርታዎች ውስጥ ናቸው። ታሮት ደግሞ 78 ካርታ ነው። የቀሩት 56ቱ «ትንሹ አርካና» ይባላሉ፤ ካርታ በዘረጋችሁ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚወጡላችሁ እነሱ ናቸው። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት እነሱን ፈልጋችሁ እዩ።

56ቱ በአራት ምድብ ይከፈላሉ፦ ዋንጫ፣ ሰይፍ፣ በትር፣ ሳንቲም። በእያንዳንዱ ምድብ ከ1 እስከ 10 ያሉት፣ ከዚያም ብላቴና፣ ፈረሰኛ፣ ንግሥትና ንጉሥ አሉ።

[ምስል፦ የሁለት ታሮቶች ዋንጫ 5፣ ጎን ለጎን]

በግራ ያለው የማርሴይ ታሮት ነው፤ የድሮ የፈረንሳይ አሣሣል ነው። አምስት ዋንጫና ቅጠላ ቅጠል ብቻ ይታያል፤ ሰው የለበትም። በቀኝ ያለው በ1909 ለንደን ላይ የታተመው ራይደር ዌይት ነው፤ ሥዕሉ የፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ነው። ጥቁር ካባ የደረበ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሦስት ዋንጫ ፊቱ ተደፍቷል፤ ከኋላው ሁለት ሳይደፉ ቆመዋል፣ እሱ ግን ዞር ብሎ አላያቸውም። የካርታዎቹን ትርጉም የሚያስረዳ መጽሐፍ ሳትገልጡ ሐዘን መሆኑ ይገባችኋል። ለጀማሪ ራይደር ዌይትን ወይም የእሱን አሣሣል የተከተለ ታሮት የምንመክረው ለዚህ ነው።

ማርሴይ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። ቁጥርና ምድብ እያጣመሩ ማንበብ ለሚወድ ሰው እንዲያውም ይመቻል። ብቻ መጽሐፉና ካርታው ከአንድ ወገን ይሁኑ፦ ከትልቁ አርካና ካርታዎች በማርሴይ ፍትሕ 8ኛ፣ ብርታት 11ኛ ነው፤ በራይደር ዌይት ቦታቸው ተለዋውጧል። ቶት በሚባለው ሌላ ታሮት ደግሞ ንጉሥ የሚባል ካርታ የለም፤ ፈረሰኛ፣ ንግሥት፣ ልዑልና ልዕልት ናቸው። ይህን ሳያውቁ ያልተዛመደ መጽሐፍ ገዝተው ግራ የሚጋቡ ብዙ ናቸው።

አሁን ፈተናው። የምትፈልጉትን ታሮት ዋንጫ 5፣ ሰይፍ 8፣ ሳንቲም 3 እና በትር 10 ፈልጉ። እያንዳንዱን አይታችሁ «እዚህ ላይ ምን እየሆነ ነው?» ለሚለው ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ። ከአራቱ ሦስቱ ምንም ካልነገሯችሁ፣ የቀለሙ ውበት አያታልላችሁ፤ ሌላ ፈልጉ።

[ምስል፦ ካርታ የሚበውዙ እጆች]

ቀጥሎ እጃችሁ። የተለመደው የታሮት መጠን 7 በ12 ሴንቲሜትር ነው፤ ከመጫወቻ ካርታ ይረዝማል፣ ይሰፋልም። በዚህ ልክ ካርቶን ቆርጣችሁ ያዙት። ለሁለት ከፍላችሁ ጫፍና ጫፉን እያጠላለፋችሁ የምትበውዙ ከሆነና እጃችሁ ትንሽ ከሆነ፣ አነስ ያለ እትም ይሻላል። ወረቀቱ በጣም ከወፈረ 78ቱ በአንድ እጅ አይጨበጡም፤ ከሳሳ ደግሞ ቶሎ ይታጠፋል። ጠርዙ በወርቅማ ቀለም የተቀባ አዲስ ካርታ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ በኃይል ከበወዛችሁት ቀለሙ ይላጣል፣ አንድ በአንድ እያላቀቃችሁ ጀምሩ።

ጀርባውንም ገልብጡት። አናቱ ወደ ታች ሆኖ የወጣ ካርታ የተለየ ትርጉም አለው ብላችሁ የምታነቡ ከሆነ፣ የጀርባው ሥዕል ከላይም ከታችም አንድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ገና ሳትገልጡት ታውቁታላችሁ።

ኢንተርኔት ላይ ዋጋው ከሌሎቹ እጅግ ወርዶ ካያችሁ ተጠንቀቁ። አስመስሎ የተሠራ ካርታ ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ደብዘዝ ይላል፣ ጠርዙ ተቆርጧል፤ በመጽሐፉ ፋንታም ኪውአር ኮድ ብቻ ይመጣል። ሣጥኑ ላይ «ኦራክል» ከተጻፈ ታሮት አይደለም፤ የካርታው ቁጥርም እንደ ሠሪው ይለያያል።

እጃችሁ ሲገባ፣ ሳትበውዙት ቁጠሩት፦ 22 ትልልቅ፣ ከዚያ በየምድቡ 14። አንድ ከጎደለ የዚያኑ ቀን ፎቶ አንስታችሁ ለሻጩ ላኩ።