ከዳር ያለው አንቴና

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ኮግኒቲቭ ሬዲዮ ነው የማወራችሁ። በተለይ ስለ አንድ ጥያቄ። ለሌላ በተፈቀደ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚሠራ መሣሪያ ምን ያህል ኃይል ይልቀቅ?

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ለቴሌቪዥን የተሰጠ ፍሪኩዌንሲ ሁሌም፣ ሁሉም ቦታ ሥራ ላይ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ጆሴፍ ሚቶላ እና ጄራልድ ማጓየር በ1999፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ ዙሪያውን አይቶ ራሱን የሚያስተካክል ሬዲዮ ይሠራ አሉ። ክፍት ቻናል ሲያገኝ ይገባል፣ ባለፈቃዱ ሲመጣ ይለቃል። ወይም ኃይሉን ዝቅ አድርጎ አብሮ ይሠራል።

ዝቅ ሲባል ግን እስከ ምን ድረስ?

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። እዚህ ብዙው ሰው ዲሽ ነው የሚጠቀመው። የአንዲት እማማ ቤት ግን አሁንም አንቴናው ቆርቆሮው ላይ፣ በባህር ዛፍ እንጨት በሽቦ ታስሮ ቆሟል። ልጃቸው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያዞረዋል። እሳቸው ከውስጥ ሆነው «መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ፣ ትንሽ መልሰው!» ይላሉ።

አያችሁ፣ ያ አንቴና ይቀበላል እንጂ ምንም አይልክም። እዚህ አለሁ አይልም። አሁን አንድ መሣሪያ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት፣ ከኮንክሪቱ ጀርባ ሆኖ ቻናሉን ያዳምጣል እንበል። ምንም አይሰማም። ክፍት ነው ብሎ ኃይሉን ሙሉ ይለቀዋል። የእማማ ቴሌቪዥን ይቆራረጣል። መሣሪያው ግን ማንን እንደረበሸ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከባዱ ነገር ይኼ ነው።

የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍሲሲ በ2003 ረብሻው ተቀባዩ ጋ ይለካ የሚል ሐሳብ አቅርቦ፣ በ2007 ተወው። በ2008 ደግሞ መሣሪያዎቹ እስከ −114 ዲቢኤም ድረስ እንዲያዳምጡ አዘዘ። ዲቢኤም የሲግናል ኃይል መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በወረደ ቁጥር ሲግናሉ ደካማ ነው። ይህ −114 በቴሌቪዥን ቻናል ስፋት ከተፈጥሮ የሙቀት ኖይዝ፣ ማለትም ከሙቀት ከሚመጣው ሁሌም ካለ ሹክሹክታ በታች ነው። በ2010 ያለበትን ቦታ፣ የት የትኛው ቻናል ክፍት እንደሆነ ለሚነግር ዳታቤዝ የሚያሳውቅ መሣሪያ ማዳመጡ ቀረለት። የኃይል ጣሪያው ግን ቀጠለ፦ ለቋሚ መሣሪያ 4 ዋት፣ በእጅ ለሚያዝ 100 ሚሊዋት፣ ከቴሌቪዥን ቻናል ጎን ለጎን ሲሆን ደግሞ 40 ሚሊዋት።

ያቺን 40 እወዳታለሁ። ድምፅ ለሌለው ተቀባይ ተብላ የተቀመጠች ናት።

ግን ለሁሉም ቦታ አንድ ጣሪያ መሥራቱ ልክ አይመስለኝም። ከማስተላለፊያው ማማ አጠገብ ሲግናሉ ጠንካራ ስለሆነ ትንሽ ረብሻ አይጎዳውም። ዳር ላይ ግን ሲግናሉ ቀድሞውኑ ሳስቷል። ደግሞም ቻናሉ ክፍት የሚመስለው፣ ኢንተርኔትም በጣም የሚያስፈልገው ዳር ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በጣም ደካማው ተቀባይ ይታሰብ። ከዚያ የተረፈው ኃይል ሳይሰሰት ይለቀቅ።

በሌላው ቻናል ላይ ተደርበው የሚሠሩት መሣሪያዎች እርስ በርስስ? ተመራማሪዎቹ ፎሺኒ እና ሚልያኒች በ1993 ያሳዩት መንገድ በጣም ያምራል። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ሲግናል ከረብሻው ጋር ያነጻጽራል። ከሚያስፈልገው በላይ ከሆነ ይቀንሳል፣ ካነሰው ይጨምራል። መነጋገር አያስፈልጋቸውም። የሁሉም ፍላጎት አንድ ላይ የሚቻል ከሆነ፣ ሁሉም በሚያስፈልገው ትንሹ ኃይል ላይ ይረጋል። የማይቻል ከሆነ ግን ታክሲ ተራ ላይ «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» እንደሚሉት ረዳቶች ነው። አንዱ ሲጮህ ሌላው ይብሳል፣ ሁሉም ጣሪያ ይነካል፣ ማንም አይሰማም። ያኔ ወይ አንዱ ዳታ የሚልክበትን ፍጥነት ይቀንስ፣ ወይ ቻናል ይቀይር።

በዚህ ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሲሙሌሽን ስትሠሩ ተቀባዮቹን ማማው ዙሪያ ብቻ አትበትኗቸው። ሽፋኑ የሚያልቅበት ላይም ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ያለ አንቴና አስቀምጡ። ያንን ሳትረብሹ ስንት ሚሊዋት እንደሚፈቀድላችሁ አስሉና ላኩልኝ። በሚቀጥለው ክፍል ቁጥሮቻችሁን አንድ በአንድ እናያለን።